አስተርጓሚዬን የጠረጠርኩበት ደብተር

ሰው ቶሎ አላምንም። ይህን የምናገረው እየኮራሁም እያፈርኩም አይደለም፤ አንዳንዱ ሰው ጨጓራ እንዳለበት እንደሚናገረው ነው። ከሚሴ ውስጥ መጀመሪያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በኋላም በአንድ አነስተኛ የግብረ ሠናይ ድርጅት በሥራ አስኪያጅነት ስሠራ ያቆየኝ ይኸው ጠባዬ ነው። መስክ ደርሼ መጣሁ ያለኝን ሠራተኛ ሪፖርት ከማንበቤ በፊት ግቢ ወርጄ የሞተር ሳይክሉን ጎማ አያለሁ። የቦርከና ወንዝ ዳር ጥቁር ጭቃ ከተጣበቀበት ሰውዬው እውነትም ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ገብቷል፤ አቧራ ብቻ ከሆነ አስፋልት ዳር ሻይ ሲጠጣ ውሏል። ከጠዋት ጀምሮ ስጽፍ ነበር ያለችኝን ጸሐፊ ደግሞ ኮምፒውተሯን በመዳፌ ዳስሼ ሙቀቱን እለካለሁ። ሠራተኞቼ በዚህ የተነሳ «ኬላ» የሚል ስም አወጡልኝ። ከቢሮዬ ብቅ ስል አንዱ ለሌላው በኦሮምኛ «ኬላን ዱፍቴ» ይለዋል፤ ኬላዋ መጣች ማለቱ ነው። ድምፁን እንኳ ዝቅ አያደርግም ነበር፤ ምክንያቱም ኦሮምኛ እንደማልሰማ እርግጠኛ ነበር።

እኔ ግን እሰማ ነበር። ከሚሴ ስገባ ይዤው የገባሁት ምስጢር ይኸው ነው።

አባቴ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ ያደግኩት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ካምፕ ውስጥ ነው። ካምፑ ውስጥ ልጅ ያላቸው ሁለት ቤተሰቦች ብቻ ስለነበሩ ጓደኞቼ የአካባቢው ገበሬዎች ልጆች ነበሩ። የተጣላሁትም የታረቅሁትም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳደብኩትም በኦሮምኛ ነው። ከዚያ አባቴ ተዛወረና እኔ ደሴ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ፤ ቋንቋውን የማናግረው ሰው አጣሁ። አፌ ላይ ዛገ፤ ጆሮዬ ላይ ግን አልዛገም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ተመድቤ ከሚሴ ስመጣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ ላይ ተንኮል አልነበረበትም፤ ምላሴ ተሳስሮ ሰው እንዳይስቅብኝ ፈርቼ ነው። በመጀመሪያው ቀን ግን ሁለት የቢሮ ባልደረቦቼ ከፊቴ ቆመው ስለ ጫማዬ አወሩ። በዚህ ጫማ የከሚሴን ክረምት አትሻገርም፣ ሰኔ ሳይገባ ወደ ደሴዋ ትመለሳለች ተባባሉ። ደብዳቤ የማነብ መስዬ አቀረቀርኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን የዚያን ቀን ዘመዴ ሆነ። ደስ አለኝ፣ ይህን አልደብቅም። ክረምቱን በዚያው ጫማ ተሻገርኩት፤ ዝም አይነቅዝም ብዬም አፌን እንደዘጋሁ ኖርኩ።

መንግሥት ቤቱን ትቼ ድርጅቱን ስረከብ አስተርጓሚ አብሮ ተሰጠኝ። ሥራችን በጨፋ ሸለቆ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ላይ ስለነበር ከገጠር ሴቶች ጋር ያለ ቋንቋ አይሆንም ተባለ። እኔም «እሱስ እውነት ነው» አልኩና ተቀበልኩ። ሰውዬው የጨፋ ሮቢት ሰው ናቸው፤ ቀድሞ አስተማሪ የነበሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፊያቸው ከራሳቸው የማይለይ። ጋሼ እላቸው ነበር። እሳቸው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አንቺ ይሉኛል፣ አለቃቸው ስለሆንኩ ደግሞ እትዬ ይጨምሩበታል። በሸለቆው የማያውቃቸው ሰው የለም። አንድ መንደር ስንደርስ ሰላምታቸው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ የሰውም የከብትም ጤና ተጠይቆ፣ ዱዓ ተደርጎ ነው ወደ ሥራ የሚገባው። እኔ ሰዓቴን እያየሁ እጠብቃለሁ።

ስብሰባዎቹን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የምሰማቸው፤ አንዴ ከሰዎቹ አፍ፣ አንዴ ከጋሼ አፍ። ሁለቱ ደግሞ አይገናኙም። ይህን የደረስኩበት ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው። ስለ ስልጠናችን አስተያየት ስንሰበስብ አንድ ሽማግሌ ተነሱና በኦሮምኛ «ንገራት፤ ስልጠናዋ እንደ ረመዳን ከሰዓት በኋላ ነው፣ አይመሽም» አሉ። ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው በሳል አስመስዬ መሐረቤን አፌ ላይ አደረግኩ። ጋሼ ረጋ ብለው ጠበቁኝና «ስልጠናው ሰፊ ጊዜ የተሰጠው ነው፣ በዚህም ደስ ብሎናል ይላሉ» ብለው ተረጎሙ።

ለሌላ ሰው ይህ ቀልድ ነው። ለኔ ግን ማስረጃ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ያዝኩ፤ በግራ በኩል የተባለውን፣ በቀኝ በኩል እሳቸው የተረጎሙትን። የኔንም ንግግር ሲያደርሱ እንደዚያው ነበሩ። አንድ ቀን አንድ ኮሚቴ አናዶኝ «ከእንግዲህ ውሸት የሚያመጣልኝን ኮሚቴ እበትነዋለሁ ይበሏቸው» አልኩ። ጋሼ ዞር አሉና በኦሮምኛ «ልጆቻችሁ እንዴት ናቸው፣ ማሽላው እንዴት ይዟል ትላለች፤ ይህ ሥራ ሁላችንንም እንዲያኮራን ትፈልጋለች» አሏቸው። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደኔ እያዩም መረቁኝ። እኔ ቁጣዬን ይዤ በምርቃት ተሸኘሁ። ይህም ደብተሩ ውስጥ ገባ።

ሌላም የሚያስጠረጥረኝ ነገር ነበር። ስብሰባ ላይ አማርኛ የሌላቸው ሰዎች ገበያ ላይ አማርኛ ነበራቸው። በተለይ አንዲት አሮጊት አዋላጅ ነበሩ፤ በሸለቆው ግማሹን ሰው በእጃቸው የተቀበሉ ሴት ናቸው። ከሚሴ ገበያ ሲያገኙኝ «ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ቅባት ቀቢው አላልኩሽም?» ይሉኛል፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ስብሰባ ላይ ግን እኚሁ ሴትዮ አንድ ቃል አማርኛ አይወጣቸውም። ምን ሊደብቁ ፈልገው ነው እል ነበር። እኔ ራሴ ደብቄ የተቀመጥኩ ሰው መሆኔ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

ነገሩ የከረረው በማቆያ ቤቱ ነው። የእናቶች ማቆያ የሚባለው፣ የመውለጃ ቀኗ የተቃረበ እናት ከሩቅ መንደሯ መጥታ ጤና ጣቢያው አጠገብ ምጧን የምትጠብቅበት ቤት ነው። ሸለቆው ውስጥ ምጥ ሲመጣ ሴቲቱን በቃሬዛ ተሸክሞ ሰዓታት መጓዝ የተለመደ ስለነበር ይህን ቤት ለመሥራት ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ። ተሠራም። አልጋው፣ ማብሰያው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ ተሟልቶ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ሴት አልመጣችም። አንሶላዎቹ ከነእጥፋታቸው ቀሩ።

ለምን እንደማይመጡ ለመጠየቅ ጤና ጣቢያው ግቢ ባለው ዋርካ ሥር ሴቶቹን ሰበሰብን። አሮጊቷ አዋላጅ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሱ። ጋሼን አይደለም የሚያዩት፣ እኔን ነው። ቃል በቃል፣ ለልጅ እንደሚያስረዱ ሁሉ በቀስታ እንዲህ አሉ። «ንገራት። ቤቱ መልካም ነው። ሽንት ቤቱ ግን ወደ ቂብላ ነው የሚያስቀምጠው። ነፍሰ ጡር በቀን ስንቴ ትወጣለች? ፊቷን ወደምትሰግድበት አዙራ ትቀመጥ? ልጅ የሚወለድበትን ቀን እንዲህ አድርጋ የምትጠብቅ ሴት ከመካከላችን የለችም። አዙሪልን ይላሉ በላት።»

ወዲያው ገባኝ። ቂብላ ከኛ አገር ቀጥታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደሴ በኩል ነው። እንኳን ፊት ጀርባም አይሰጠውም። ይህን የካምፑ ልጅ ሆኜ ሜዳ ስንወጣ ጓደኞቼ አስተምረውኛል፤ ተሳስቼ ስቀመጥ ትከሻዬን ይዘው ያዞሩኝ ነበር። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ለቤቱ ያመሰግናሉ። ማሽላው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ኢንሻ አላህ መምጣት እንጀምራለን ይላሉ» አሉ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ፈተንኳቸው። «ጋሼ፣ አሮጊቷ ሌላ ያሉት ነገር አልነበረም?» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «ሰምተሻልኮ እትዬ» አሉ።

«የነገሩኝን ማለትዎ ነው?»

«እንዴታ። ሌላ የምትጠይቂኝ አለ?»

«የለም» አልኩ። በልቤ ግን ያዝኩህ አልኩ፤ በልቤ ስቆጣ አንቱታው ይቀራል። ጥቅማቸውንም አገኘሁት። ማቆያ ቤቱን የሠራው ግንበኛ የእህታቸውን ልጅ ያገባ ነው። ሽንት ቤቱ ጠማማ ነው ከተባለ አፍርሶ የሚሠራው እሱ ነዋ! አማቻቸውን ለማዳን የእናቶቹን ነገር ዋጡት ብዬ ደመደምኩ። ደብተሩ ላይ ይህን ስጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው።

እዚህ ላይ የራሴን መናገር አለብኝ። ያን ሽንት ቤት በማግሥቱ ማስዞር እችል ነበር። አንድ መስመር ደብዳቤ ይበቃው ነበር። ግን ማን ነገረሽ ቢሉኝስ? የኖርኩበት ምስጢር ሊወጣ ነው። ደግሞም ሰውዬውን እጅ ከፍንጅ መያዝ ፈልጌ ነበር። እንግዲህ ራሳቸው እስኪነግሩኝ ልጠብቅ አልኩ። ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ። ቤቱ ባዶ ነው። በዚያ መካከል አንዲት ሴት በቃሬዛ ስትመጣ መንገድ ላይ፣ ከታጨደ ማሳ ዳር ወለደች። አላህ አትርፏቸው ሁለቱም ዳኑ፤ ሴቲቱ ግን ብዙ ደም ፈሷት ለሳምንታት ከመኝታዋ አልተነሳችም። ይህንንም ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፤ በጋሼ ስም። በኔ ስም የተጻፈ አንድ ገጽ አልነበረም።

ድርጅታችንን የሚደግፉ እንግዶች ከአዲስ አበባ ሊጎበኙን ቀን ሲቆርጡ እኔም ቀኔን ቆረጥኩ። በእንግዶቹ ፊት ጋሼ እንደለመዱት ሲያጣምሙ እነሳለሁ፣ በኦሮምኛ እናገራለሁ፣ ሸለቆው ሁሉ ጉድ ይላል። የስንብት ደብዳቤያቸውን ራሴ ጻፍኩት፤ ጸሐፊዋን ስላላመንኳት። ፈርሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከደብተሩ ጋር አስቀመጥኩት።

በዚያ ጠዋት መንገድ ላይ ጋሼ «እትዬ፣ ያ ነገር ዛሬም መነሳቱ አይቀርም» አሉኝ።

«የቱ ነገር?»

በመስኮቱ የቦርከናን ዳር፣ የተበተኑትን ከብቶች አዩ። «እንጃ እንግዲህ» አሉ።

የሠሩት ሥራ ሊያስፈራቸው ጀመረ ብዬ አሰብኩ።

ዋርካው ሥር እንግዶቹ በወንበር፣ ሴቶቹ በሰሌን ላይ ተቀመጡ። አሮጊቷ ተነሱ። ያንኑ አሉ፤ አንድ ቃል አልቀነሱም፣ ግን ድምፃቸው ደክሞታል። ጋሼ ወደ እንግዶቹ ዞረው «ስለ ቤቱ አላህ ይስጥልን ይላሉ፤ በቅርቡ መጠቀም እንጀምራለን ብለዋል» አሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ያኔ ተነሳሁ።

«ኢሼን አከስ ሂን ጄኔ!» አልኩ። እሷ እንደዚያ አላለችም ማለቴ ነው። ከዚያ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ኦሮምኛ፣ እየተደነቃቀፍኩ፣ የቂብላውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገምኩት። ጣቴንም ወደ ጋሼ ቀሰርኩ።

የጠበቅኩት ድንጋጤ ነበር። አልመጣም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ፤ አንዷ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተከተሉ፣ ሰሌኑ ሁሉ በሳቅ ተናወጠ። አሮጊቷ ብቻ አልሳቁም። በዘንጋቸው መሬቱን ሁለቴ መቱና ያን የገበያ አማርኛቸውን አወጡት።

«ኤዲያ! እንኳን አፍሽ ተፈታ» አሉኝ። «እኛስ እስተዛሬ ለማን ስናወራ የኖርን መሰለሽ?»

«ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«ያ ሽማግሌ የረመዳኑን ነገር ሲያወራ፣ አስተርጓሚሽ አፉን ሳይከፍት ማን ነው የሳቀው? ያች ሳል ሳል ነበረች? እኔ ስንት ሴት ምጧን ስትደብቀኝ አይቻለሁ፣ አንቺ ሳቅሽን ትደብቂኛለሽ? ትሰማለች ተባባልን። ካላወራችው ሰበብ ይኖራታል ብለን ተውንሽ። ከዚያ ወዲህ የሆዳችንን ላንቺ ቀጥ አርገን እንነግራለን፤ እሱ ደሞ ለወረቀት የሚሆነውን ያወራል። አንቺም በሰው ፊት አትዋረጂ፣ እኛም ሀቃችንን ተናግረን እንገባለን። ክፋት አለው?»

አሮጊቷ ቀጠሉ። «የሽንት ቤቱን ማሽላው ገና በማሳው ሳለ ነገርንሽ። ዝም አልሽ። ወላሂ፣ ሰምታ ናቀችን ብለን ነበር። ልጅቱ መንገድ ላይ ስትወልድማ ከእንግዲህ ግቢያችን አትድረስ ያሉ ነበሩ። እሱ ነው በየገበያው እየዞረ የለመነን። ጊዜ ስጧት፣ ታደርገዋለች፣ አማናዋ በኔ፣ እኔ እዋሳታለሁ ያለን እሱ ነው።»

ጣቴ አሁንም ወደ ጋሼ እንደተቀሰረ ነበር። አወረድኩት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። እነዚህ ሴቶች ለዓመታት ሲያምኑኝ ኖረው እኔ ነኝ በደብተር ስከሳቸው የኖርኩት። ሰምታ ናቀችን ሲሉ ደግሞ አልተሳሳቱም፤ ሰምቻለሁ፣ ዝም ብያለሁ። ጋሼ መሬት መሬት እያዩ ነበር፣ የተዋረዱት እሳቸው ይመስል። ከእንግዶቹ አንዷ ወደኔ ጠጋ ብላ ምን ተፈጠረ አለችኝ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት፤ ያን ቀን በሁለቱም ቋንቋ የተናገርኩት ብቸኛ ቀጥተኛ ነገር እሱ ነው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ስለ ግንበኛው ጠየቅኳቸው። ሳቅ አሉ። ግድግዳው ወገብ ሳይደርስ ጀምሮ አዙረው ብለውት ነበር። ግንበኛው ደግሞ ያለ ሥራ አስኪያጇ ፊርማ ከፕላኑ ውልፍት አልልም አላቸው። ፕላኑ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ሠራተኛውን ሁሉ እየጠረጠርኩ ከፊርማዬ እንዳይወጣ ያስተማርኩትም እኔው ነኝ።

«ታዲያ ለምን በግልጥ አልነገሩኝም?»

«ሰምተሻልኮ አልኩሽ» አሉ። «ምስጢርሽን እኔ እንዴት አድርጌ ልግለጠው? ያንቺ ነው።»

ከሚሴ ስንደርስ የባጃጆቹ ጩኸት ተቀበለን። ጋሼ ከመኪናው ከመውረዳቸው በፊት ኮፊያቸውን አስተካከሉ። «እትዬ፣ እንግዲህ የኔ ሥራ እዚህ ላይ አበቃ። ለሚሰማ ሰው አስተርጓሚ ምን ያደርግለታል?» አሉ። ይቆዩ አልኳቸው። ሌላ ሥራ እንፈልጋለን አልኩ። በሰው ሁሉ ፊት ጣቴን ቀስሬባቸው የማባብላቸው ነገር ራሴንም አላሳመነኝም። በወሩ መጨረሻ ዱዓ አድርገውልን ሄዱ። የስንብት ደብዳቤውን ቀደድኩት፤ ሳይሰጥ ሥራውን ጨርሷል።

ሽንት ቤቱ በአንድ ሳምንት ዞረ። ክረምቱ ሳይገባ አልጋዎቹ ሞሉ፣ የሕፃን ለቅሶ መስማት ጀመርን። እኔም በኦሮምኛ እየተንተባተብኩ ስብሰባ መምራት ያዝኩ። ጥሩ የሆነ መስሎኝ ነበር። ግን ያ የለመድኩት ሐሜት፣ ያ የስልጠናዬ ፌዝ፣ ያ «ንገራት» እያለ የሚጀምረው ወቀሳ ሁሉ ደረቀ። ምን ችግር አለ ስላቸው «ነጋ፣ አልሃምዱሊላህ» ይሉኛል፤ ሰላም ነው፣ አላህ ይስጥሽ፣ እድሜ ይጨምርልሽ። ስብሰባው በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ምስጋና ሲበዛብኝ ጥርጣሬዬ እንደገና ተነሳ። አንድ ዝናባማ ቀን ሳልነግራቸው ማቆያ ቤቱ ስገባ ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ እናቶቹ አልጋቸውን ጥግ ሰብስበው መሐል ላይ ባልዲ ደርድረዋል። ከሁለት ቀን በፊት እዚያው ግቢ ሰብስቤያቸው አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

አሮጊቷን ገበያ አግኝቼ ተቆጣኋቸው። «እንዴት አይነግሩኝም?»

«ፊት ለፊት?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው። «አይንሽን እያየሁ ቤትሽ ያፈሳል ልበልሽ? ነውርም አይደል! ድሮኮ ንገራት እንል ነበር፤ ላንቺ አልነበረም የምንለው፣ ለሱ ነው። አሁን በማን በኩል እንናገር?»

በማግሥቱ ጨፋ ሮቢት ወረድኩ። ጋሼ ከቤታቸው ጀርባ የበሬ ቀንበር ሲጠርቡ አገኘኋቸው። ደብተሩን ይዤ ነበር የሄድኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የደብዳቤውንም ነገር ጭምር። «አውፍ ይበሉኝ» አልኩ፣ እንደ አገራቸው ወግ ይቅርታ ስጠይቅ። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። እንደ አስተማሪ ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል፤ የቃሬዛዋ ሴት ያለችበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ አሉ። ስማቸውን አዩት።

«ይሄ በኔ አይደለም» አሉ።

«በኔ ነው» አልኩ። እስክሪብቶ ሰጡኝ። ስማቸውን ሰርዤ የራሴን ጻፍኩ።

«አውፍ ብያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሌላስ ምን አመጣሽ?»

«ተመልሰው ያስተርጉሙልኝ።»

«አንቺ እየሰማሽ?»

«እየሰማሁ።»

«እነሱም እንደምትሰሚ እያወቁ?»

«እያወቁ።»

ቀንበሩን አስቀምጠው ሳቁ፤ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁ። «አብሽሪ፣ እመጣለሁ» አሉ። «አንድ ነገር ግን ቃል ትገቢልኛለሽ። እኔ ሳልጨርስ እንዳትስቂ።»

የዚያ ሳምንት ስብሰባ ዋርካው ሥር ሆነ። ጋሼ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ሰዓቴን አላየሁም። ሠራተኞቼ በየትኛው ሞተር እንደመጡና ጎማቸው ምን እንደሚመስል ግን አይቻለሁ፤ እሱ አይለቀኝም። አሮጊቷ ተነሱ። ወደኔ እያዩ፣ በቀስታ፣ በኦሮምኛ ጀመሩ። «ንገራት። ሽንት ቤቱን አዙራልናለች፣ አላህ ይስጣት። አሁን ደግሞ ጣሪያው ከውጭ ይልቅ ከውስጥ ያዘንባል። ልጆቻችን ገና ሳይወለዱ ዋና እየተማሩ ነው በላት።»

ሰሌኑ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ እኔን ያያሉ። ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። ጥርሴን ነከስኩ፣ መሐረቤን ጨበጥኩ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጋሼ ኮፊያቸውን አስተካከሉ፤ አልቸኮሉም።

«ስለ ጣሪያው ያመሰግናሉ» አሉ። «ክረምቱንም በደስታ እየተቀበሉት ነው ይላሉ።»

ጨርሰው ወደኔ እስኪዞሩ ጠበቅኩ። ከዚያ ሳቅኩ።